የቧንቧ አዳማጩ ጆሮ

በዚያች ትንሽ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው ነበር። የቅጥር ደብዳቤው «የመስመር ጥገና ሠራተኛ» ይለዋል፤ ከተማው ግን «አዳማጩ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ሌላው ሠራተኛ ውሃ የሚጠፋበትን ቦታ ቆፍሮ ይፈልጋል፤ እሱ አዳምጦ ያገኘዋል።

ነገሩ ጥንቆላ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ቀስ ተብሎ ሲታይ ደግሞ ከጥንቆላ ይበልጣል። ቧንቧ ሲሸነቆር ውሃው በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ስለሚወጣ ያፏጫል። አፈር ፉጨቱን ያፍነዋል፤ ብረት ግን ተሸክሞት ይሄዳል። ስለዚህ አዳማጩ ቁመቱ እስከ ደረቱ የሚደርስ ቀጭን የብረት ዘንግ ነበረው። አንዱ ጫፉ ሹል ነው፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ እንጨት ተገጥሞለታል። ሹሉን ጫፍ ቧንቧው ላይ ያሳርፋል፣ እንጨቱን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ በኋላ ከመሬት በታች ያለው ከተማ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ድስት የሚያጥብ ቤት፣ ማንቆርቆሪያ የሚሞላ ቤት፣ ፊቱን በችኮላ የሚታጠብ ሰው፣ ሁሉም ድምፁ ለየቅል ነው።

ዋናው ነገር ግን ሽንቁርንና ሰውን መለየት ነው። ሽንቁር አያርፍም። ጠዋትም ማታም ያው አንድ ድምፅ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሰው የከፈተው ቧንቧ ግን መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ሲከፈት ይንተባተባል፣ ሲዘጋ ደግሞ እንደሚታነቅ ጉሮሮ ሲጥ ይላል። አዳማጩ ይህንን ሲያስረዳ ፊቱ ይበራል፣ እጁ ይወራጫል። ችግሩ የሚሰማው ሰው አለመኖሩ ነው። የሥራ ጓደኞቹ ገና ዘንጉን ሲያነሳ ማዛጋት ይጀምራሉ። ሚስቱ ደግሞ ለጎረቤት፣ «ከመሬት በታች ጠብ የሚለውን ይሰማል፤ እኔ ከጓዳ ስጠራው ግን አይሰማኝም» ብላ ታማዋለች። እሱም መልስ አያጣም፤ «ምን ላድርግ፣ አንቺ ብረት አይደለሽ» ይላታል።

የወራሪው ጦር ከተማዋን ከያዘ ሰባት ወር ሆኖታል። ወታደሮቹ ኮረብታው ላይ ሰፍረዋል፤ ትምህርት ቤቱን የጥይት መጋዘን አድርገውታል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የስልክ ሽቦ ስለተቆረጠባቸው፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ የቀትር ሰዓት እላፊ አውጀዋል። የሸሹ ሰዎችን ቤት ደግሞ በሽቦና በማኅተም ያሽጋሉ። ማኅተሙን የነካ ይረሸናል፤ በዚህ ጉዳይ የሚቀልድ አልነበረም፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ግንብ ሥር ሁለት ሰው ተረሽኖ ከተማው ሁሉ አይቷል።

ከታሸጉት ቤቶች አንዱ በወፍጮው መንገድ ላይ ያለው የመምህርቷ ቤት ነው። ጦሩ ትምህርት ቤቱን ሲወስድ የተማሪዎቹን መዝገብ ጠየቃት። መዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ አባት ስምና ያለበት ቦታ ተጽፏል፤ ከአባቶቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ካሉት ተዋጊዎች ጋር ተቀላቅለዋል። መምህርቷ «እሺ፣ ነገ አመጣለሁ» አለችና መዝገቡን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ሊይዟት ሲመጡ ቤቱ ባዶ ነበር። ተሻግራለች ተባለ፤ በሩ ታሸገ። አዳማጩ ታዞ የቤቱን የውሃ መዝጊያ ዘጋ። ሲዘጋ ልቡ አዘነ። የእሱ ልጅ እስከ አስር ዓመቷ ፊደል አልገባ ብሏት፣ «ይቺ ልጅ አይሆንላትም» ተብላ ነበር፤ መምህርቷ ናት ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስቀርታ ማንበብ ያስቻለቻት።

ከዚያ ኮረብታው ላይ ያለው ካምፕ ውሃ አነሰው። አንድ ቀን ጠዋት ወጣት መቶ አለቃ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጣ። መሐንዲስ ነው። ቋንቋውን ከመጽሐፍ ስለተማረው እንደ ደብዳቤ ነው የሚናገረው፤ ግን ሰው አክብሮ ይናገራል። ታች ከተማው ውስጥ ውሃ እየጠፋ እንደሆነ፣ የሚጠፋበት ቦታ ካልተገኘ አዛዡ የከተማውን ውሃ አንድ ቀን እያለፈ እንደሚዘጋ ነገራቸው። ሠራተኞቹ ሁሉ አዳማጩን አዩት። አዳማጩ ዘንጉን አነሳ።

መቶ አለቃው አላዛጋም። ዘንጉን ተቀብሎ አገላበጠው፣ እንጨቱን በጣቱ ዳሰሰው፣ «ይህ እንዴት ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ።

አዳማጩ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህንን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ የሰውየው የደንብ ልብስ ከዓይኑ ጠፋ። ያስረዳው ጀመር። ሰዓት እላፊው ለማዳመጥ ምቹ ነው፤ ጋሪ የለም፣ መኪና የለም፣ ከተማው ሁሉ ቧንቧ እንዳይከፍት ታዟል። በየቀኑ ቀትር ላይ ሁለቱ ባዶውን መንገድ ይዘው ይዞራሉ፤ ከኋላቸው ሦስት ቆፋሪዎች አካፋና ዶማ ተሸክመው ይከተላሉ። አንድን መንገድ ከሌላው እንዴት እንደሚነጥሉት አሳየው፤ የዳር ዳሩ መዝጊያዎች ይዘጉና መንገዱ በአንድ ቆጣሪ ብቻ ውሃ ይቀበላል። ሁሉም ቤት ቧንቧውን ዘግቶ ሳለ ቆጣሪው ከዞረ፣ ያ መንገድ የሚያፈስ ነገር አለበት። ሽንቁርንና ሰውን መለየትም አስተማረው። መንተባተቡን፣ ሲጥ ማለቱን ሳይቀር በአፉ እያስመሰለ።

በተለይ አጥብቆ የነገረው ስለ መዝጊያ አዘጋግ ነው። እያንዳንዱ መንገድ ጫፍ ላይ ዝገት የሚታጠብበት ትልቅ ማፍሰሻ አለ። ከማዳመጥ በፊት ይከፈትና ውሃው በኃይል ወደ ቦይ ይለቀቃል፤ ከዚያ ይዘጋል። አዘጋጉ ግማሽ ዙር አዙሮ፣ እስከ ሃያ ቆጥሮ፣ ሌላ ግማሽ ዙር ነው። ለምን? ቧንቧ ውስጥ የሚሮጠው ውሃ ክብደት አለው፤ ቁልቁለት እንደሚወርድ የተጫነ ጋሪ ነው። ጋሪ ፊት ድንገት ግንብ ብታቆም ምን እንደሚሆን አስበው። በአንድ ጊዜ የተዘጋ ውሃ መመለሻ ሲያጣ ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል፣ ምቱም እየሄደ ደካማውን መጋጠሚያ ይፈልገዋል። በዚህ ሥራ አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያ ቀኑ የሚነገረው ይኸው ነው። የተሳሳተ ሰው ዕድሜ ልኩን ይሳቅበታል።

ዓርብ ዕለት ገበያው አጠገብ አንድ ሽንቁር አገኙ። ሰኞ ሁለተኛውን አገኙ፤ ይህንን ያገኘው መቶ አለቃው ራሱ ነው። ዘንጉን እንደያዘ ፊቱ እንደ ልጅ ፈካ። አዳማጩም፣ «ጆሮ አለዎት መቶ አለቃ፤ እንዲህ ያለ ጆሮ በስንት ጊዜ አንድ ነው የሚገኝ» አለው። ከልቡ ነበር ያለው። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት እሷ ሹራቧን እየሠራች ሰማችውና፣ «ጆሮውስ ይሁን፤ ለማን ነው የሚሰማው?» አለችው። እሱ ግን ይህንን ነገር አላሰበበትም።

ማክሰኞ ተራው የወፍጮው መንገድ ሆነ። መቶ አለቃው ከመንገዱ ራስ ቆጣሪው ዘንድ ቆመ፤ አዳማጩ በየቤቱ ደጅ ያለውን የመዝጊያ ሳጥን እየከፈተ ያዳምጥ ጀመር። አራተኛው ቤት፣ ዝም። አምስተኛው፣ ዝም። ልብስ አጣቢዋ ቤት፣ ዝም። የታሸገው ቤት ደጅ ሲደርስ ለወጉ ያህል ዘንጉን አሳረፈ።

ቧንቧው ተንተባተበ።

ከዚያ ቀጭን ውሃ ወረደ፤ ክር የምታህል። በእቃ ውስጥ እየሞላ መሆኑ ድምፁ እየቀጠነ ከመሄዱ ይታወቃል። ከዚያ ቀስ ያለ፣ የሚጠነቀቅ እጅ ዘጋው፤ ሲጥ አለ። አዳማጩ ጎንበስ ብሎ እንደቀረ ነው። ይህንን ቤት ሲዘጋ መዝጊያው አሮጌ እንደነበር፣ ላስቲኩ ተበልቶ ክር የምታህል ውሃ እንደሚያሳልፍ ያውቃል፤ ነገ ዛሬ እቀይረዋለሁ እያለ ነው የቆየው። ያ ክር ውሃ ግን ወደ ቤቱ የሚገባው የሚከፍትለት ሰው ካለ ብቻ ነው። መምህርቷ አልተሻገረችም። በራሱ በጦሩ ማኅተም ውስጥ ተደብቃለች።

«ምን አለ?» ብሎ መቶ አለቃው ከሩቅ በእጁ ጠየቀው። አዳማጩ ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም የለም።

በስምንት ሰዓት ግን ቆጣሪው ሲታይ ሦስት ባልዲ ያህል ውሃ አልፏል። ቆጣሪ መጠኑን እንጂ ሰዓቱን አይናገርም፤ በአንድ ጊዜ ይለፍ ቀስ በቀስ ይለፍ አይታወቅም። መቶ አለቃው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና አሰበ። ቤቶቹ ሁሉ እንደተዘጉ፣ ወደ መንገዱ የገባ ውሃ ደግሞ በአንድ ቦታ መውጣት እንዳለበት፣ ልክ አዳማጩ እንዳስተማረው ደረጃ በደረጃ አስረዳ። ከዚያም፣ «ነገ እኔ በእያንዳንዱ ቤት ደጅ አዳምጣለሁ፤ እርስዎ ማፍሰሻው ዘንድ ይቆማሉ» አለ። በታሸጉት ቤቶች ጭምር መሆኑን ሳይጠየቅ ጨመረበት። ተማሪው በደንብ ገብቶት ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አዳማጩ መዝጊያ የሚያይ መስሎ ልብስ አጣቢዋ ግቢ ገባ። የእሷና የታሸገው ቤት ጓሮ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። የካምፑን አንሶላ የምታጥበው እሷ ናት፤ ምላሷ ከሳሙናዋ ይበልጥ ያጥባል ይሏታል። ጎረቤት ያለው ቤት ውሃ እንደሚቀዳበት በዝግታ ነገራት።

«ጋሼ፣ ያ ቤት እኮ ታሽጓል» አለች ቀና ሳትል። «አይጥ እንኳ የሚገባው ፈቃድ ጠይቆ ነው።»

«አይጥ ቧንቧ አይከፍትም።»

እጇ ገንዳው ውስጥ ቆመ። ለአፍታ አየችው፤ ከመቶ አለቃው ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ መንገዱ ሁሉ በመስኮት ሲያየው እንደከረመ ከዓይኗ ገባው። አፈረ። የልጁን ንባብ ነገራት፤ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። እሷም በመጨረሻ ተናገረች። መምህርቷ በሸሸች በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘግቶባት በጓሮ ተመልሳ ገብታለች። ውሃ የምትቀዳው ቀትር ላይ ነው፤ ያኔ መንገዱ ላይ ሰው ስለማይኖር ማንም አይሰማኝም ብላ ነው።

አዳማጩ ዓይኑን ጨፈነ። ከቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቧንቧው የሚሰማባትን ሰዓት መርጣለች።

«ነገ እንዳትከፍት ንገሪያት» አላት።

«በምን አንደበቴ? ከጓሮው ጠባብ መንገድ ላይ ዘብ ቆሟል። ወደ ግድግዳው የምጠጋው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ አርባ አንሶላ ሳሰጣ ዘቡ አያየኝም። ከሐሙስ በፊት ብጠጋ እሷንም እኔንም ነው የሚያይ።»

ነገ ረቡዕ ነው።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ነገሩን እንደ ልማዱ በየክፍሉ ነጥሎ አየው። ቢያስጠነቅቃትና ባትከፍት እንኳ አይበጅም። ሽንቁር አያርፍም፤ ዛሬ ሦስት ባልዲ የጠጣ መንገድ ነገ ምንም ካልጠጣ ያ ውሃ የሰው ነው። ይህንን ለመቶ አለቃው ያስተማረው ማን ሆነና። ታምሜያለሁ ብሎ ቢቀር መቶ አለቃው ብቻውን ያዳምጣል፤ ጆሮ አለው። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ሦስት ባልዲ የሚያስረዳ እውነተኛ ሽንቁር፣ እዚያው፣ ያ ቤት ፊት ለፊት። አዳማጩ ዕድሜ ልኩን ሽንቁር ሲደፍን የኖረ ሰው ነው። ከራት በኋላ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያየው ሚስቱ አመመህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ደክሞኛል አላት።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት፣ ለማዳመጥ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። አዳማጩ በመንገዱ ጫፍ ማፍሰሻውን ከፈተ፤ ውሃው እያጓራ ወደ ቦዩ ገባ። መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ጥርት ያለ። መቶ አለቃው ዘንጉን ይዞ መሀል መንገድ ላይ ጸጥታውን ይጠብቃል። ቆፋሪዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። «ይዝጉት» የሚል የእጅ ምልክት መጣ።

አዳማጩ ግማሽ ዙር አዞረ። እስከ ሃያ ቆጠረ። ሌላ ግማሽ ዙር። እጁ የለመደውን ነው የሚያውቀው፤ እጁን ማሸነፍ ነበረበት። አሥራ ሦስት ላይ ሲደርስ መቁጠሩን ተወና በሙሉ ጉልበቱ፣ ያለ ማቋረጥ፣ እስከ መጨረሻው አዞረው።

መሬቱ ከታች ጉም አለ። በየቤቱ ያለው ቧንቧ ተንቀጠቀጠ፤ ከአንድ ቤት ሰሃን ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ። መቶ አለቃው ዞር ብሎ አየው። ምንም አልሆነም።

አዳማጩ መዳፉን ማፍሰሻው ብረት ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ያንን መጋጠሚያ ያውቀዋል። ከታሸገው ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ራሱ እርሳስ አቅልጦ ሞልቶታል፤ እርሳሱ በደንብ ስላልያዘለት ሁሌ ሲያሳስበው ነው የኖረ። ዛሬ ደግሞ አልለቅም አለ። የራሱ ሥራ ጠነከረበት። መቶ አለቃው ወደ መጀመሪያው ቤት አንድ እርምጃ ተራመደ። ያን ጊዜ በመዳፉ ውስጥ ከብረቱ ቀጭን ፉጨት መጣ፤ ወፈረ፤ ሻከረ። ከታሸገው ቤት ፊት አንድ የንጣፍ ድንጋይ ቀና አለ፣ ተገለበጠ፣ ውሃው የሰው ቁመት ያህል ዘለለ።

ቆፋሪዎቹ እየሮጡ መጡ። መቶ አለቃው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር።

«ምን አደረጉ?»

«ፈጥኜ ዘጋሁት» አለ አዳማጩ። «ቆጠራው ጠፋብኝ። መጋጠሚያው ቀድሞም ሲያፈስ የነበረ መሆን አለበት። የትናንቱ ሦስት ባልዲ ከዚህ የወጣ ነው።»

መቶ አለቃው ውሃውን አየ፣ ማስታወሻውን አየ። ጭንቅላቱ በደንብ ይሠራል። «ትናንት እዚህ ቆመው አዳምጠዋል» አለ ቀስ ብሎ። «ምንም የለም አሉ። እርስዎ ይህንን እንዴት አይሰሙም?»

አዳማጩ ለስህተቱ ተዘጋጅቶ ነበር እንጂ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀም። የእጅ ስህተት ይሳቅበታል እንጂ ይታለፋል። ይህኛው ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሦስቱ ቆፋሪዎች ቆመው እያዩት ነው፤ አንደኛው ከእሱ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ ነው።

«ጆሮዬ የለም» አለ። «ከደነቆርኩ ዓመት አልፎኛል። ከሥራ እንዳልወጣ ብዬ ነው የደበቅሁት፤ የሰው ከንፈር እያየሁ ነው የምመልሰው።»

«የዓርቡን ሽንቁር ያገኙት እርስዎ ነዎት።»

«ድንጋዩ ርሶ ነበር፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። የሰኞውን ደግሞ ያገኙት እርስዎ ነዎት።»

መቶ አለቃው አሰበ፤ እውነት ነው፣ የሰኞውን ያገኘው እሱ ነው። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ኩራት፣ ከዚያ ሐዘን መጣ። ከቆፋሪዎቹ አንደኛው ሳቅ ጀመረና ተወው። ሃያ ዓመት አብሮት የሠራው መሬት መሬት አየ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ መቶ አለቃው፣ ፊቱን ወደ ውሃው እንዳዞረ። አዳማጩ ግን ደንቁሮ ነበርና አፉን ለማየት አንገቱን አሰገገ። መቶ አለቃው ጥያቄውን ጮክ ብሎ አልደገመውም። ዘንጉን በክንዱ ሥር አድርጎ፣ ቆፍሩ ብሎ ቆፋሪዎቹን አዘዘ።

ማታውን ሚስቱ ወሬውን ከሦስት ሰው ሰምታ ጠበቀችው። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከአጠገቧ ያለ ድመት እንኳ በማይሰማው ልክ፣ «ማን አለ እዚያ ቤት?» አለችው። አዳማጩ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ መስኮት ክፍት ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ነበር የምትጮህበት፤ እንደ ልቧ የምትጮህበት ፈቃድ ስላገኘች ደስ ያላትም ትመስል ነበር።

አዛዡ ሰውየውን ማሰር ፈልጎ ነበር። መቶ አለቃው ግን «ያረጀና መስማት የተሳነው፣ ሆን ብሎ ያላደረገ» ብሎ ጻፈለት። አዳማጩ ከጥገና ተነስቶ የሕዝብ ውሃ መቅጃ ወደሆነው ቦኖ ተላከ። መጋጠሚያው ክፉኛ ስለተበላሸ የወፍጮው መንገድ ውሃ አምስት ቀን ይዘጋል፤ ሴቶቹ ሁሉ ባልዲ ይዘው ከመንገዱ ማዶ ካለው ቦኖ ይቀዳሉ። አዳማጩ ቧንቧውን እየከፈተና እየዘጋ ተራ ያስከብራል፤ አጠገቡ አንድ ወታደር ቆሟል። ስሙም ተለወጠ። አንዱ «ሰባሪው»፣ ሌላው «ድፍኑ» ይለዋል። ሰው ሲሰድበው እንዳይዞር ራሱን ማስተማር ነበረበት፤ ከሁሉም የከበደው ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መስማትን የተማረ ሰው፣ ከኋላው መኪና ሲመጣ እስከ መጨረሻው ድረስ ከመንገድ ሳይወጣ መቆየት ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ያወቀው ያኔ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ አጣቢዋ አርባ አንሶላ አሰጣች። ከአንሶላዎቹ መሀል ባልዲ የያዘች፣ ሻርፕ እስከ ቅንድቧ የሳበች ሴት ወጣችና ከሰልፉ ኋላ ተሰለፈች። በዚያ ሳምንት በመንገዱ ላይ ባልዲ ያልያዘች ሴት አልነበረችም፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ተራዋ ሲደርስ አዳማጩ ፊቷን አላየም፤ እጇን ግን አየ። የባልዲውን ማንጠልጠያ እንደ መጻፊያ እርሳስ ነበር በሦስት ጣት የያዘችው። ባልዲውን ግማሽ ብቻ ሞላላት፤ ብዙ መንገድ አለባት፣ ሳታስቀምጥ መሄድ አለባት። ወታደሩ፣ «ለዚህችስ ለምን አነሰ?» ቢለው አልሰማውም። እሷ ባልዲዋን አንስታ ወደ ቤቶቹ ሳይሆን ወደ አትክልት ቦታው በሚወስደው መንገድ ሄደች፤ ከመታጠፊያው ጠፋች።

ዓርብ ምንም ወሬ የለም። በዚያው ቀን ጥገናውን ለመፈተሽ ውሃው ለአንድ ሰዓት ተለቆ፣ መቶ አለቃው ዘንጉን ይዞ በወፍጮው መንገድ ሲያልፍ አዳማጩ አየው። በየቤቱ ደጅ እያጎነበሰ፣ ዓይኑን እየጨፈነ፣ ልክ እንዳስተማረው ያዳምጣል። የታሸገው ቤት ደጅ ላይ ብዙ ቆየ። አዳማጩ ቦኖውን ከፍቶ ባልዲ ሞልቶ ሲፈስ አላወቀም፤ ሴቶቹ ጮኹበት። መቶ አለቃው ቀና አለ፣ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልብስ አጣቢዋ ሁለት ትልልቅ ባልዲ ይዛ መጣች። ወታደሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ሲጋራ እየለኮሰ ነበር። አዳማጩ ቧንቧውን ከፈተው፤ ውሃው በባዶው ቆርቆሮ ላይ ይደለቅ ጀመር። እሷ ባልዲውን ለማስተካከል ጎንበስ አለችና፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ከውሃው ድምፅ በታች፣ «ትናንት ጠዋት ወንዙን ተሻግራለች፤ እህቷ ቤት ናት» አለችው።

እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ፊቱ ሊፈካ ሆነ። ወታደሩ ጭሱን እያወጣ ወደ እሱ ዞረ። አዳማጩ መዳፉን ጆሮው ኋላ አድርጎ አንገቱን ወደ ሴትየዋ አሰገገ።

«እ? ምን አልሽ?»

ልብስ አጣቢዋ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «ሞልቷል ነው የምልህ፣ ዝጋው!» ብላ ጮኸችበት። «አንተን እዚህ ያቆመ ሰውም እንዳንተው ደንቆሮ ነው።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ ወታደሩም አብሮ ሳቀ። አዳማጩ ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን ግማሽ ዙር ዘጋ፣ እስከ ሃያ ቆጠረ፣ ሌላ ግማሽ ዙር ዘጋ። ውሃው እግሯ ላይ እየፈሰሰ ሴትየዋ ስትሰድበው፣ እሱ ፊቱን ወደ መሬት እንደደፋ መቁጠሩን ቀጠለ።